ቀይ ሽቦ ያለው ጀሪካን

ጉተማን ከመኪናው ያወጡት ሰዎች ቀኝ እግሩን ከቤንዚን መስጫው ላይ ለማላቀቅ ተቸግረው ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከጉደር ወደ ጌዶ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ለመቅደም ወጥቶ ሳለ ከላይ ይወርድ ከነበረ የእህል መኪና ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። የእህል መኪናው ሾፌር ግንባሩን ተፈንክቶ ተረፈ። ጉተማ ግን እዚያው ቀረ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ጌዶ ላይ፣ አዲስ አበባ የሚያደርሰው በሽተኛ እየጠበቀው ነበር።

በዚህ መንገድ መሞት ብርቅ አይደለም። የትራፊክ አደጋ መርማሪዋ ኢንስፔክተር ወርቅቱ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጽፍ የኖረችው ይህንኑ ነው። «ከመጠን ያለፈ ፍጥነት፣ ያለ አግባብ መቅደም» ብላ ፋይሉን ትዘጋለች፤ ሚስት ታለቅሳለች፤ መንገዱ ደግሞ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። የጉተማንም እንዲሁ ልትዘጋው ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ጋሼ ከበበው ማመልከቻ ይዘው ቢሮዋ ገቡ።

ጋሼ ከበበው ጡረታ የወጡ መምህር፣ የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊና የጉተማ የአጥር ጎረቤት ናቸው። ወርቅቱንም ሰባተኛ ክፍል አስተምረዋታል። ያኔ ከጓደኛዋ የተዋሰችውን እርሳስ ቀርጻ ቀርጻ አሳጥራ ብትመልስ፣ ክፍሉ ፊት አቁመው አዲስ እርሳስ እንድታመጣ አድርገዋት ነበር። «የተዋሰ ሰው ከወሰደው አብልጦ ይመልሳል» ብለው። ወርቅቱ ዛሬ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ያቺን እርሳስ ግን አልረሳችም።

«ተቀመጪ፣ ተቀመጪ» አሏት፣ ቢሮው የሷ መሆኑን ረስተው። «ጉተማን የገደለው ፍጥነት አይደለም። ጂራ የሚባለው መካኒክ ነው። በኮምፒውተር የሞተሩን ጠባይ ለውጦ፣ ልጁን እሳት ላይ አስቀምጦ ሰደደው።»

«ይህን በምን አወቁ፣ ጋሼ?»

«የተሳቢው ሾፌር ሞተሩ ሲፈነዳ ሰምቷል። አንብቢው፣ የሃምሳ ሰው ፊርማ አለበት።» ማመልከቻውን ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩ። «ጉተማ ልጄ ነበር፣ ወርቅቱ። እኔና ጌጤነሽ ልጅ አልሰጠንም። እሱ ነበር የሚቀብረን። የበደለ ሰው በሕግ ይጠየቅ ነው የምለው፤ ሌላ ምንም አልልም።»

ማመልከቻው በዚያ በምታውቀው ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነበር። ጂራ ዕለቱን ተያዘ፤ ፍርድ ቤቱም ለምርመራ እስከ ዓርብ ቀጠሮ ሰጠ። ዓርብ ፋይሉ እንዳለ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ከሄደ፣ በቸልተኝነት ሰው መግደል ተብሎ እንደሚከሰስ ወርቅቱ ታውቃለች።

የጉተማን መኪና አምቦ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ቱርቦ ያላት አሮጌ የጃፓን መኪና ናት፤ ሰዉ «ፈጥኖ ደራሽ» ይላታል። ከጌዶና ከአምቦ በሽተኛ ጭና አዲስ አበባ ታደርሳለች። በሰዓት እላፊ ምክንያት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ በመንገዱ መሄድ ስለማይቻል፣ በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ ከፋብሪካ ይዛው ከመጣችው በላይ ጉልበት ያስፈልጋታል። ያንን ጉልበት የሰጣት ጂራ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሙያውን አዳማ ተምሮ፣ አንድ ላፕቶፕ ታጥቆ የመጣ ልጅ።

ማክሰኞ ጠዋት ወርቅቱ ጂራን ከእስር አስወጥታ የተጨረማመተችው መኪና ወዳለችበት ግቢ ወሰደችው።

«ሞተሩን ፍታልኝ» አለችው።

«የታሰረ ሰው ማስረጃ ይነካል እንዴ?» አለ ጠባቂው ፖሊስ።

«እኔ እያየሁት ይነካል። ይህን ሞተር የሚያውቅ ሌላ ሰው አምቦ ውስጥ ካለህ አምጣልኝ።»

ጂራ ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ። ወርቅቱ መነጽሯን አድርጋ የተሳቢውን ሾፌር ቃል ደግማ አነበበች። «አጠገቤ ሲደርስ ጠጠር የገባበት ወፍጮ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ጧ አለና ነጭ ጭስ ወጣ። መኪናው ጎኔ እንዳለ ጉልበት ከዳው» ይላል። እንግዲያው ሞተሩ የሞተው ከሰውየው በፊት ነው። ግጭቱ ያመጣው ሳይሆን ግጭቱን ያመጣ ነገር አለ።

የሞተሩ ክዳን ሲነሳ ሦስተኛው ፒስተን ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ታየ። ጠርዙ እንደ ሰም ቀልጧል።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች።

ጂራ የቀለጠውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። «ቤንዚኑ ነው» አለ። «ቤንዚን ሲጨመቅ፣ ካንዴላው እሳት ሳይሰጠው በራሱ መፈንዳት ይፈልጋል፣ ኢንስፔክተር። ኦክቴን የሚሉት ትዕግስቱን ነው። ኦክቴኑ ከፍ ያለው ይታገሳል፤ ዝቅ ያለው አይታገስም። እኔ ሞተሯን አጥብቃ እንድትጨምቅ ስላደረግኳት ትዕግስተኛ ቤንዚን ትፈልጋለች። ትዕግስት የሌለው ከገባባት ሜዳ ላይ ብዙም አይታወቅም፤ ዳገት ላይ ሲረገጥ ግን ፒስተኑን ይበላዋል።»

«ትዕግስተኛ ቤንዚን አምቦ ውስጥ አለ?»

«የለም። ለዚያ መጨመሪያ አስመጣሁለት፤ ለአንድ ጀሪካን አንድ ሲኒ። የተጨመረበትን ጀሪካን እጀታውን በቀይ ሽቦ አሰርኩለት፣ ከሌላው እንዳይምታታበት። አንዳንዴ ነዳጅ ከከተማው ለሳምንት ይጠፋ የለ? ያቺ ጀሪካን መጠባበቂያው ነበረች።» ከሞተሩ አንድ ካንዴላ ነቅሎ አሳያት። ጫፉ ላይ የሸክላ ዱቄት የመሰለ ቀይ ነገር ይዟል። «መጨመሪያው እንዲህ ያቀላዋል። ሌላ ቤንዚን ይህን ቀለም አይተውም።»

«ጀሪካኑ ቢያልቅበትስ?»

«ከመሪው ሥር ማብሪያ አለ። ወደ ታች ሲደረግ ሞተሯ ትለዝባለች፤ የተገኘውን ቤንዚን ትችላለች። ወደ ላይ ከሆነ የቀይ ሽቦውን ብቻ ነው።»

ወርቅቱ ጎንበስ ብላ ከመሪው ሥር አየች። ማብሪያው ወደ ላይ ነበር።

«እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ ያንተ የሚሆነው በምን በኩል ነው?» አለችው።

«እንጃ። ምናልባት ልኩን አሳስቼ ነግሬው ይሆናል። ሞተሩ ጉዳት ሲሰማው ራሱን የሚቆጥብበት ነገር ነበረው፤ ጉልበት ይበላል ብዬ እኔ ነኝ ያሳነስኩት። አምስት ሌሊት አስቤዋለሁ። እጄን አላምነውም፣ ኢንስፔክተር።» ከዚያ ቀና አለ። «ዓርብ ከሄድኩ አልመለስም፣ አይደል?»

ወርቅቱ መዋሸት አትወድም። «ፋይሉ እንዳለ ከሄደ አትመለስም» አለችው።

የጉተማ ግቢ ውስጥ ድንኳኑ እንደተተከለ ነበር። ሚስቱ ለንሳ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። የጉተማ አክስቶች ከወዲያ ሆነው በጎሪጥ ያዩዋታል። «መኪናዋ ትሸጥ፣ መኪናዋ ትሸጥ ስትል ነበር» ይላሉ፣ ይህ የሚያስወነጅል ይመስል። ወርቅቱ ለንሳን ክንዷን ይዛ ወደ ጓሮው መጋዘን ወሰደቻት።

«ቀይ ሽቦ ያለውን ጀሪካን መጨረሻ የሞላው ማን ነው?»

«እሱ ራሱ፣ አዴ ወርቅቱ። እሁድ ከቸርች እንደተመለስን። መጨመሪያውን በሲኒ ሲለካ አይቼዋለሁ፤ ሲኒዬን አበላሸህብኝ ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። ሰኞ አጎቱ ሞተው ወንጪ ሄድን። ኔትዎርክ የለም፣ ስልካችን ሁለት ቀን ሙሉ አልሠራም። የተመለስነው ረቡዕ ከሰዓት ነው፤ መኪናዋ ቤንዚን ጨርሳ በር ላይ ጠፋች፣ ገፍተን አስገባናት።»

«መጋዘኑ ይቆለፋል?»

«ይቆለፋል። አንዱ ቁልፍ ከጉተማ ኪስ አይወጣም። ሌላውን ለጋሼ ከበበው ትተንላቸው ነበር፤ ዶሮዎቹ እዚህ ስለሆኑ ጥሬ እንዲበትኑላቸው። እሳቸው ደግሞ የሰው ቁልፍ ከአንገታቸው አያወርዱም።»

«ሐሙስ ጠዋትስ?»

«ከጌዶ ተደወለለት፤ ጀሪካኑን አምጥቶ ገለበጠ። ሲያነሳው ሱሪው ላይ ፈሰሰበት። ሁልጊዜ አራት ጣት ያጎድለዋል፣ ሲወዘውዘው መጨመሪያው እንዲቀላቀል። ያን ቀን ግን እስከ አፉ ጢም ብሎ ነበር። ‹እኔ ነኝ እንዲህ የሞላሁት?› ብሎ ሳቀ። ሱሪውን ቀይሮ ወጣ።»

«ሱሪው ታጥቧል?»

«ማን ያጥበዋል?» አለች ለንሳ።

ሱሪው መኝታ ቤት ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ጉልበቱ ላይ መዳፍ የሚያህል ቅባት አለ። ወርቅቱ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተች። አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበሩ ይህን ሽታ ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ቤንዚን በሰዓት ውስጥ በንኖ ይጠፋል፤ ቅባት አይተውም። ከአምስት ቀን በኋላ የሚሸትና ጨርቅ የሚያቀባ ላምባ ነው።

ጃርሶ እንደ ጉተማ የኮንትራት መኪና ይነዳል። ነዳጅ ሲጠፋ ደግሞ በጉደር መንገድ ዳር ካለው ቤቱ ጓሮ በጀሪካን ይሸጣል። ጉተማ ላምባ ትቀላቅላለህ ብሎ ሰው ፊት ስላዋረደው ተኳርፈው ነበር። ወርቅቱ ስትመጣ በርሜል ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«እቀላቅላለሁ» አለ፣ ሳይጠየቅ። «የማይቀላቅል ካለ ያሳዩኝ። ለጉተማ ግን አንዲት ሊትር አልሸጥኩም። እሱ ከኔ ከሚገዛ በእግሩ ጌዶ ይገባል።»

«ረቡዕ ለማን ሸጥክ?»

«ለከተማው ሁሉ። ቄሱም ይገዛል፣ ፓስተሩም ይገዛል። ስም ከጠራሁ ነገ እዚህ አገር መኖር አልችልም፣ አዴ። ማሰር ከፈለጉ እኔን ይሰሩኝ።»

«አንድ ጀሪካን ሙሉ የገዛ ሰው ነበር?»

ጃርሶ የበርሜሉን ጠርዝ በጥፍሩ መፋቅ ያዘ። «ስም አልጠራም» አለ ደግሞ።

ረቡዕ ጠዋት ወርቅቱ ከቢሮ ስትወጣ ጋሼ ከበበው በአሮጌ ቮልሳቸው መጡ። ምርመራው የት እንደደረሰ ሊጠይቁ ነበር። «ግቢ፣ ወደ ሰፈር ከሆንሽ ላድርስሽ» አሏት፤ ገባች።

«ነዳጅ ከየት ያገኛሉ፣ ጋሼ?»

«ከተገኘበት ነዋ። የኔ ቮልስ የሰጧትን ትጠጣለች። ቤንዚን ቤንዚን ነው፤ እንደዛሬ ልጆች ምርጫ አናበዛም።»

የሁሉቃ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ቮልሷ ሁለት ጊዜ አስነጥሳ ቆመች። ጋሼ ከበበው አልተናደዱም። ወርደው ከኋላ የሞተሩን ክዳን ከፈቱ፤ አንድ ካንዴላ ነቅለው በነጭ መሐረባቸው ጠረጉት። ወርቅቱ አጠገባቸው ቆማ ታይ ነበር። መሐረቡ ላይ የቀረው ቀለም የሸክላ ዱቄት ይመስላል።

«ቀይ ነው» አለች።

«የመንገድ አቧራ ነው። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጌጤነሽን አዲስ አበባ ወስጃት ነበር።»

«በዚህች?»

«በዚህች። ሌላ መኪና ከየት ይገኛል? አንድ ጀሪካን ቤንዚን ካለኝ ደርሳ ትመልሰኛለች።»

«ሐኪሞቹ ምን አሉ?»

ጋሼ ከበበው ካንዴላውን በቦታው አጥብቀው መሐረባቸውን አጣጠፉ። «ወደ ቤቷ ይውሰዷት አሉ» አሉ።

ሰፈር እንደደረሱ ጋሼ ከበበው ቤታቸው አስገቧት። እማማ ጌጤነሽ በመስኮቱ ሥር ተኝተዋል፤ ትንፋሻቸው ያጥራል። ጋሼ ከበበው ገና በር ላይ ሳሉ በጆሮዋ «የጉተማን አልነገርናትም» አሏት። «ልቧ አይችልም። ድንኳኑ ለሩቅ ዘመድ ነው ብለናታል።»

«ጉተማ ለምን አይመጣም?» አሉ እማማ ጌጤነሽ።

«ጌዶ ነው» አሉ ጋሼ ከበበው ፈጥነው፣ ትራሳቸውን እያቀኑላቸው።

ያን ከሰዓት ወርቅቱ ቢሮዋ ተቀምጣ ፋይሉን አልነካችም። ሁሉም ነገር ገብቷት ነበር፤ ባይገባት ደስ ይላት ነበር። ዝም ብትል ጂራ ባልሠራው ይታሰራል። ብትናገር የሚፈርሰው ሽማግሌ ነው፤ ያውም መናገርን ያስተማራት። ስትመዘግበው በኖረችው ሞት ሁሉ ውስጥ አንድም ቀን እውነት ለማንም ሕይወት ሲመልስ አላየችም። ይሁን እንጂ ልጁ እጁን አላምነውም ያለው ነገር ከጆሮዋ አልወጣ አላት።

ሐሙስ፣ ጉተማ በሞተ በሳምንቱ፣ አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበች። ለንሳ ከአክስቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ጃርሶ ከምሰሶው አጠገብ ቆሟል። ጂራ እጁ በካቴና ታስሮ ከፖሊሱ ጋር አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ነው። ጋሼ ከበበው ከፊት፣ የዕድር መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

«ጉተማ እንዴት እንደሞተ ልነግራችሁ መጣሁ» አለች ወርቅቱ። «መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ አልተሰበረም። ሞተሩ ተሰብሮ ነው መኪናው የተጋጨው፤ ሾፌሩ ሰምቷል፣ ቀዳዳውንም በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ቀዳዳ የሚያወጣ ደግሞ ለዚያ ሞተር ያልተገባ ቤንዚን ነው።»

«የጂራ ሥራ ነዋ!» አለች አንዷ አክስት።

«ጂራ ሁለት መንገድ ሠርቶለት ነበር። ጥሩ ቤንዚን ሲኖር ማብሪያው ወደ ላይ፤ ተራ ቤንዚን ሲሆን ወደ ታች። እኔ ሳየው ወደ ላይ ነበር። ጉተማ ችኩል ይሆናል እንጂ ሞኝ አልነበረም። ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ራሱ እሁድ የቀላቀለው ነው ብሎ አምኗል። ለንሳም ሲቀላቅል አይታዋለች። ሐሙስ ጠዋት ሱሪው ላይ የፈሰሰው ግን ላምባ አለበት፤ ሱሪው ዛሬም ይሸታል። ስለዚህ ከእሁድ እስከ ሐሙስ ባለው ጊዜ ጀሪካኑ ባዶ ሆኖ እንደገና ተሞልቷል።»

አክስቶቹ ወደ ለንሳ ዞሩ።

«ለንሳን አትዩአት። የጀሪካኑን ልክ ታውቃለች፤ አራት ጣት እንደሚጎድል የነገረችኝ እሷ ናት። ጉተማን ሊጎዳ የፈለገ ሰው ቢሆን ልክ እንደነበረው አጉድሎ ይተወው ነበር፣ እንዳይታወቅበት። ሌባ ቢሆን ደግሞ ባዶውን ትቶ ይሄድ ነበር። ይህ ጀሪካን ግን ከነበረው በልጦ፣ እስከ አፉ ጢም ብሎ ነው የተገኘው። የሰውን ዕቃ ወስዶ ከነበረው አብልጦ የሚሞላ ሰው...» ወርቅቱ እዚህ ላይ ልትጨርሰው አልቻለችም።

«የተዋሰ ሰው ነው» አሉ ጋሼ ከበበው።

ተማሪ መልስ ሲጠፋው እንደሚረዱት ነበር ያሉት። ከዚያ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። የዕድር መዝገቡ ከጉልበታቸው ተንሸራቶ ወደቀ፤ ያነሳው ሰው የለም።

«መሐረብዎ ኪስዎ ውስጥ ነው፣ ጋሼ?» አለች ወርቅቱ ዝግ ባለ ድምፅ።

አወጡት። ቀዩ ቀለም እንዳለ ነበር። ጂራ አይቶት አንገቱን አቀረቀረ።

«ማክሰኞ ጠዋት ጌጤነሽን ትንፋሽ አጠራት» አሉ ጋሼ ከበበው። የሚያወሩት ለማን እንደሆነ አይታወቅም። «ለጉተማ ስምንት ጊዜ ደወልኩ፤ አይሠራም። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፤ ጀሪካኑ እዚያ አለ። ሽቦው የባለቤት ምልክት መሰለኝ። ረቡዕ ጠዋት፣ እነሱ ሳይመጡ፣ ከጃርሶ ገዝቼ ሞላሁት። አንድ ሊትርም ጨመርኩበት።»

«ለጋሼ ነው ብዬ ላምባውን አሳንሼ ነበር» አለ ጃርሶ ከምሰሶው አጠገብ። ማንም ዞሮ አላየውም።

«ለምን አልነገሩንም?» አለች ለንሳ።

«ብነግራችሁ ተዉት ትሉኝ ነበር፤ ልትቀበሉኝም አትፈልጉም ነበር። አገሩ ሁሉ ቁልፉን የሚሰጠኝ ሰው፣ ሳልጠይቅ የሰው ዕቃ ነካሁ። አፈርኩ፣ ልጄ። ሞልቼ ከመለስኩ ማንም ሳያውቅ ያልፋል አልኩ።»

ለንሳ ከፍራሹ ቀና አለች። ስትናገር ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር።

«ባዶውን ቢያገኘው ማብሪያውን ዝቅ አድርጎ ሌላ ይፈልግ ነበር» አለች። «ባይመልሱት ኖሮ፣ ጋሼ። ሰርቀውን ቢሆን ኖሮ ጉተማ ዛሬ በሕይወት ነበር።»

ድንኳኑ ውስጥ የሚያለቅስ አልነበረም። ጋሼ ከበበው ወደ ወርቅቱ ዞሩ።

«ማመልከቻዬን ይዘሽዋል?»

ሰጠቻቸው። ከደረት ኪሳቸው እስክርቢቶ አውጥተው የጂራን ስም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዙ። በላዩ ላይ የራሳቸውን ከነአባታቸው ጻፉ። «የበደለ ሰው በሕግ ይጠየቅ» የሚለውን አልነኩትም። ጽሑፉ እንደ ወትሮው ጥርት ያለ ነበር።

ፖሊሱ የጂራን ካቴና ፈታ። ጂራ የእጁን አንጓ እያሻሸ ወደ ለንሳ ቀረበ። «ከእንግዲህ ሞተር አልነካም» አለ። ነጻ ነህ ተብሎ ነበር፤ እሱ ግን ከድንኳኑ ለመውጣት አቅጣጫው የጠፋበት ይመስል ነበር።

ጋሼ ከበበው ከአንገታቸው ሁለት ቁልፍ የታሰረበት ክር አወጡ። አንዱ የመጋዘኑ፣ አንዱ የቤታቸው ነው። ለንሳ አጠገብ ፍራሹ ላይ አስቀመጡት። «ስድስት ሰዓት ላይ መድኃኒት አላት» አሉ። «ሌላ ሰው የለኝም።» ከዚያ ሁለት እጃቸውን ለፖሊሱ ዘረጉ። ፖሊሱ ወደ ወርቅቱ አየ። ወርቅቱ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች፤ ሽማግሌው ካቴና ሳይገባላቸው ከፊት ከፊት እየሄዱ ከግቢው ወጡ። ዓርብ ፋይሉ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ እንደሚሄድ፣ የተለወጠው ስሙ ብቻ እንደሆነ ወርቅቱ ታውቃለች። የዚያን ቀን ተግባሯን በትክክል ፈጽማለች፤ ደስ ያላት ነገር ግን አልነበረም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ለንሳ ተነሳች። አክስቶቹ «ወዴት ነው?» አሏት። ጥቁር ነጠላዋን አውልቃ ፍራሹ ላይ ተወችና በአጥሩ በኩል አልፋ የጋሼ ከበበውን ቤት ከፈተች።

እማማ ጌጤነሽ ነቅተው ነበር። «ከበበው የት ሄደ?» አሉ።

«ነዳጅ ሰልፍ ላይ ናቸው፣ እማማ።»

«ዛሬ ደግሞ ለማን ብሎ? የጉተማን እንደሆነ መልሶታል።» ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ ቆዩ። «ሳልጠይቅ ወሰድኩ ብሎ ያን ሌሊት ዓይኑን አልከደነም። እኔ ነኝ ሞልተህ መልስለት፣ አንድ ሊትርም ጨምርበት ያልኩት። ወጣት ነው፣ መንገድ ይበዛበታል፣ እንዳይጎድልበት።»

ለንሳ ክኒኑን ከብልቃጡ አውጥታ መዳፏ ላይ ያዘችው።

«አገኘው ታዲያ? ደስ አለው?» አሉ እማማ ጌጤነሽ።

«አዎ» አለች ለንሳ። «ስቆ ነበር።»

ከዚያ አንገታቸውን ደግፋ ቀና አደረገቻቸውና ውሃውን አጠጣቻቸው።